ስልኩን የተቀማ ልጅ የት ይሂድ?

ይድረስ ለትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና ለወላጅ ኮሚቴ አባላት

ጉዳዩ፦ ልጆች ስክሪን ላይ የሚያሳልፉትን ጊዜ በጋራ ስለመቀነስ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ስለ ልጆችና ስለ ስልክ ሲወራ ምክሩ ሁሌም የሚወርደው ወላጅ ላይ ነው። ሰዓት ገድቡ። ዋይፋዩን አጥፉ። ከልጆቻችሁ ጋር ተጫወቱ። እናንተም ስልካችሁን አስቀምጡ። ምክሩ ልክ ነው፤ የሚቃወመው ሰው አላየሁም። ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ስልኩን የተቀማ ልጅ የት ይሂድ?

ወደ ውጭ ቢወጣ የሚያጫውተው የለም። የጎረቤት ልጅም ቤቱ ተቀምጦ ሌላ ስክሪን ላይ አፍጥጧል። የክፍል ጓደኞቹ የሚያወሩት ግሩፕ ላይ ነው። የሚጫወቱትም እዚያው ኦንላይን ነው። እናቱ ስልኩን ስትወስድበት ጓደኞቹንም አብራ ወሰደችበት ማለት ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ ይጮኻል፣ "ሁሉም ልጆች አላቸው እኮ!" ይላል። እውነቱን ነው። እሷም ጥቂት ቀን ትታገልና ሲደክማት ትመልስለታለች።

ለእናንተ የምጽፈው ለዚህ ነው። አንድ ቤት ለብቻው የማይዘልቅበትን ነገር የአንድ ክፍል ወላጆች ተስማምተው ቢጀምሩት ይዘልቁበታል። እነዚያን ወላጆች ደግሞ በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ የሚችል ከትምህርት ቤት ሌላ ማን አለ?

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ቴክኖሎጂ ጠላታችን ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሩቅ ካለች አያቱ ጋር በቪዲዮ የሚያወራ ልጅ ምንም አልሆነም። ቪዲዮ እያየ ሥዕል መሣል የለመደም እንዲሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ስክሪኑ የሚነጥቀው ጊዜ ነው። ከእንቅልፍ ይነጥቃል። ከሩጫ ይነጥቃል። ከሰው ጋር ከማውራት ይነጥቃል። ልጅ ደግሞ የሚያድገው በነዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መመሪያ አውጥቷል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ጭራሽ አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ይህችን 1 ሰዓት ብቻ ነው። መመሪያው ግን የቀኑን ሙሉ 24 ሰዓት የሚመለከት ነው። እዚያው ላይ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይተኛ ይላል። እስቲ ደምሩት። መዋዕለ ሕፃናቱ፣ መብላቱ፣ መታጠቡ ሲጨመርበት ለስክሪን የሚተርፈው ጊዜ ኢምንት ነው። ልጁ በደንብ ከሮጠና በደንብ ከተኛ ገደቡ በራሱ ይመጣል።

"ቋንቋ ይለምድ ብዬ ነው የከፈትኩለት" የሚሉ ወላጆች አሉ። ክፉ አስበው አይደለም። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ግን ቆም ያደርጋል። በአሜሪካ የፓትሪሺያ ኩል የምርምር ቡድን ለዘጠኝ ወር ሕፃናት ቻይንኛ አሰማቸው። አንዳንዶቹ የሰሙት አጠገባቸው ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው ነው። ሌሎቹ የዚያኑ ዓይነት ንግግር በቪዲዮ አዩ። ከሰው የሰሙት የቻይንኛውን ድምፆች መለየት ቻሉ። ቪዲዮ ያዩት ግን ቋንቋውን ጭራሽ ሰምተው ከማያውቁ ሕፃናት አልተሻሉም። ሕፃን ድምፅ ሲሰማ ዓይን ይፈልጋል፤ መልስ የሚሰጠው ፊት ይፈልጋል።

ለትምህርት ቤት ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ ሌላኛው ነው። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ በ2015 ታትሟል። የተወሰኑ ትምህርት ቤቶች በየቀኑ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ከክፍል ውጭ የሆነ ክፍለ ጊዜ ጨመሩ። ሌሎቹ እንደ ቀድሞው ቀጠሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ እንደ ቀድሞው በቀጠሉት ዘንድ 39.5 በመቶ የሚሆኑት ልጆች ሩቅ ያለን ነገር አጥርቶ የማየት ችግር ጀምሯቸዋል። ወደ ውጭ በወጡት ዘንድ ቁጥሩ 30.4 በመቶ ነበር። መሣሪያ አልተገዛም። መድኃኒት አልተሰጠም። ልጆቹ ደጅ ወጡ፣ በቃ።

በማኅበራዊ ሚዲያና በታዳጊዎች ጭንቀት መካከል ስላለው ግንኙነት ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ይከራከሩ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ስልክ ይዞ ያመሸ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንደሚያንቀላፋ ለማወቅ ግን የክርክሩን ማብቂያ መጠበቅ አያስፈልገንም። መምህራን በየቀኑ እያዩት ነው።

"ወላጅ ጠንከር ቢል ይበቃ ነበር" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ከወላጁ ፊት የቆመው ማን እንደሆነ እንዲያስብ እጠይቀዋለሁ። ድሮ ገጽ ያልቅ ነበር። ማለቁ ለልጁም ለአዋቂውም "በቃ" የሚል ምልክት ነበር። በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ወደ ታች በተሳበ ቁጥር የማያልቅ ገጽ ነደፈ። ኋላ ላይ ራሱ መጸጸቱን ተናግሯል። ቪዲዮውም እንደዚያው ሆነ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሳይጠየቅ ይጀምራል። ቲክቶክ በ2023 ከ18 ዓመት በታች ላሉት በቀን የ60 ደቂቃ ገደብ አደርጋለሁ ብሎ አስታወቀ። ጥሩ ነው። ግን 60 ደቂቃው ሲሞላ ታዳጊው ኮድ አስገብቶ መቀጠል ይችላል። ኮዱን የሚያስገባው ማን ነው? ራሱ! እንዲህ ያለ ገደብ ለስሙ ነው።

አካውንት ለመክፈት የሚጠየቀውን 13 ዓመትም ብዙ ወላጅ ሐኪሞች መክረውበት የተወሰነ ይመስለዋል። አይደለም። በ1998 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበሰብ ከለከለ። ኩባንያዎቹም ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ በሩን 13 ላይ አቆሙት። ልጁ ለዚህ ነገር ደርሷል ወይ የሚለውን ያየ የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቅሬታም ጥያቄም አለኝ።

ቅሬታዬ ስለ ቤት ሥራ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች መምህሩ የቤት ሥራውን ፎቶ አንስቶ ማታ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ለመምህሩ ቀላል ነው፣ ይገባኛል። እስቲ ከቤት በኩል እዩት። አባት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፏል። ልጅቷ መጥታ "የቤት ሥራ ልይ" ትላለች። ምን ይበላት? ይሰጣታል። ፎቶውን አይታ፣ የጓደኛዋን መልስ አይታ፣ ከዚያ የተላከ አስቂኝ ቪዲዮ አይታ፣ ከዚያ ሌላ... አባትየው "ጨረስሽ?" ሲላት "እየሠራሁ ነው" ትላለች። ደግሞ እየሠራች ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሆኖ የሚለይበት መንገድ የለውም። ስክሪን ላይ ያለ ልጅ እያጠና ይሁን እየተጫወተ አቀማመጡ አንድ ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ተማሪው በደብተሩ ገልብጦ ይሂድ። ለወላጅ የሚላክ መልእክት ለወላጅ ብቻ ይላክ። ቪዲዮ ማየት የግድ የሚሆንበት ትምህርት ካለ እዚያው ትምህርት ቤት ይታይ። ይህን ለመወሰን አንድ የመምህራን ስብሰባ ይበቃል። ተማሪዎች ያቀረቡትን ሥራ ገጻችሁ ላይ ለጥፋችሁ "ብዙ ላይክ ያገኘ ይሸለማል" የምትሉትንም በዚያው ብትተዉት ደስ ይለኛል። አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ በማይክሮስኮፕ ያየችውን ሽንኩርት ሥላ ውጤቷን ከላይክ ስትጠብቅ ማየት ይከብዳል።

በትምህርት ቤት ስልክ መከልከልን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ብዙዎቻችሁ ጀምራችኋል። ፈረንሳይ በ2018 ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በሕግ ከልክላለች። ኔዘርላንድስ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ከሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች አስወጥታለች። ዩኔስኮም በ2023 ባወጣው ሪፖርት ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል መግባት ያለበት ለመማር ሲጠቅም ብቻ ነው ብሏል። አውስትራሊያ ከዚህ አልፋ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ በታኅሣሥ 2025 ሥራ ላይ አውላለች። ደህና። ግን የትምህርት ቤት ክልከላ ቀላሉ ግማሽ ነው። ደወሉ ሲደወል ስልኩ ከቦርሳ ይወጣል። የተከለከለው ሰዓት ማታ ላይ ተካክሶ ያርፋል። የቀረው ግማሽ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው።

ለዚያ ግማሽ የምጠይቃችሁ የክፍል ስምምነት ነው።

የተሞከረ ነገር ነው። በ2023 በአየርላንድ ግሬይስቶንስ በምትባል ከተማ የስምንት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወላጆች ልጆቻቸው አንደኛ ደረጃን እስኪጨርሱ ድረስ ስማርትፎን ላለመስጠት በፈቃደኝነት ተስማሙ። ሕግ አልወጣም፣ ቅጣት አልተጣለም። በአሜሪካም ቤተሰቦች እስከ ስምንተኛ ክፍል ለመቆየት ቃል የሚገቡበት እንቅስቃሴ አለ። የሱን አሠራር በጣም ነው የምወደው። አንድ ወላጅ ሲፈርም ቃሉ ወዲያው አይጸናም። ከዚያው ትምህርት ቤት፣ ከዚያው ክፍል ደረጃ 10 ቤተሰብ ሲሞላ ነው የሚጸናው። ማንም ብቻውን ጀግና እንዲሆን አይጠየቅም። ልጁ "ሁሉም አላቸው" ሲል እናቱ አሥር ስም ትቆጥርለታለች።

ይህን በአንድ የወላጆች ስብሰባ መጀመር ይቻላል። ከአንደኛና ከሁለተኛ ክፍል ጀምሩ፤ እዚያ አብዛኛው ልጅ የራሱ ስልክ ገና የለውም። ያልተሰጠን ማቆየት የተሰጠን ከመንጠቅ በብዙ ይቀላል። አንድ ወረቀት አዙሩ። እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሚቆዩ ወላጆቹ ራሳቸው ይወስኑ። መፈረም ግዴታ አይሁን፤ ግዴታ ከሆነ ሰው ይፈርምና ቤቱ ሄዶ የፈለገውን ያደርጋል።

"ታዲያ ልጄን በምን ላግኘው?" የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መደወልና መልእክት መቀበል ብቻ የሚችል ባለ ቁልፍ ስልክ አለ። የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤትም ስልክ አለው። ግን እሱ ስልክ ሲጠራ መነሳት አለበት! ወላጅ ጽሕፈት ቤቱ ስልክ እንደማያነሳ ካወቀ ለልጁ ስማርትፎን ይገዛለታል። እውነቴን ነው፤ ይህ ነገር የሚሳካው ወይ የሚከሽፈው እንዲህ ባለች ትንሽ ነገር ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ስብሰባው ላይ ወላጅ አትውቀሱ። ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ራት እስኪሠራ ድረስ ለልጁ ካርቱን ቢከፍትለት ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ረዳት ስለሌለው ነው። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ልብስ እስክታጥብ ልጇን የሚይዝላት ያ ስክሪን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ስልክ የሰጠ ቤተሰብም አለ፤ እሱም በራሱ ምክንያት ነው የሰጠው። ስብሰባ ላይ ተወቅሶ የወጣ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ባለሙያ ጋብዛችሁ ለሁለት ሰዓት ስላይድ ከማሳየት ወላጆቹን በየክፍላቸው አስቀምጣችሁ ስልክ ቁጥር ብታለዋውጧቸው ይሻላል። ቅዳሜ ልጆቻቸውን ማን ጋር እንደሚልኩ ይነጋገሩ።

ለስብሰባው ምክር የግድ ካስፈለገ ደግሞ ማንም ቤቱ ሄዶ ሊያደርገው የሚችል ይሁን። ማታ የሁሉም ስልክ፣ የአዋቂዎቹም ጭምር፣ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረግ። ለመቀስቀሻ ተራ የደወል ሰዓት ይበቃል። ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል ማድረጊያውን አጥፉት፤ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ለትንሽ ልጅ "አምስት ደቂቃ ቀርቶሃል" አትበሉት፤ አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። "ይሄ ሲያልቅ እንዘጋለን" በሉት፣ ሲያልቅም አጠገቡ ሁኑ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ለቅሶ አለ፣ "ደበረኝ" አለ። ያ "ደበረኝ" መልስ አይፈልግም። ትንሽ ከታገሡት ልጁ ተነስቶ የሆነ ነገር መነካካት ይጀምራል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ግቢያችሁ ነው። ሰፊው የልጆች ሜዳ ያለው እናንተ ዘንድ ነው፤ ግን ከትምህርት በኋላ ይቆለፋል። መንገዱ መኪና ነው። የመኖሪያ ሕንፃው ግቢ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ላይ ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። መብቱ ወረቀት ላይ አለ፤ ቦታው ግን ቁልፍ ተደርጎበታል። ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ክፈቱት። ቅዳሜ ጠዋትም ጨምሩበት።

ስትከፍቱት ግን ሌላ ክፍለ ጊዜ አታድርጉት። ፊሽካ የያዘ አሠልጣኝ አይኑር። ፕሮግራም አይኑር። ኳስ፣ ገመድ፣ ጠመኔ፣ ካርቶን፣ አሮጌ ጎማ ይኑር። አንድ ሁለት አዋቂ ጥግ ይዞ ይቀመጥ፤ ሥራው የተጎዳ ልጅ ካለ መርዳት ብቻ ይሁን። ልጆቹ "ነካኝ፣ አልነካሁትም" ብለው ይጨቃጨቃሉ። ይጨቃጨቁ። የጨዋታው ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ሕግ ያወጣሉ፣ ሕጉን ያፈርሳሉ፣ የተኮራረፈውን ይለምኑታል፣ ቡድን እኩል እንዲሆን ትንሹን ልጅ ማን እንደሚወስድ ይደራደራሉ። ጌም ውስጥ ይህን ሁሉ ማሽኑ ነው የሚወስነው። ማን እንዳሸነፈ ማንም አይከራከርም።

እዚህ ላይ ብዙም ያልተወራ ነገር ልጨምር። ድብብቆሽን፣ ሰኞ ማክሰኞን፣ የገመድ ዝላይን ለትንንሾቹ ያስተማሩት አዋቂዎች አይደሉም። ትልልቅ ልጆች ናቸው። ስድስተኛ ክፍል ያለችው ለሁለተኛ ክፍሏ ታሳያታለች፤ ያቺም አድጋ ለሌላ። መሐል ላይ ያሉት ልጆች ጨዋታውን ሳይማሩ ካደጉ ሰንሰለቱ እዚያ ይበጠሳል። ብዙ ትንንሽ ልጆች ሜዳ ላይ ሲለቀቁ ዝም ብለው የሚቆሙት ለዚህ ይመስለኛል። መጫወት ጠልተው አይደለም፤ ያሳያቸው የለም። ስለዚህ ግቢው ሲከፈት ዕድሜ አትለዩ። ከስድስተኛና ከሰባተኛ ክፍል ፈቃደኛ የሆኑትን ጥሯቸው። የማያውቁት ካለ ደግሞ አያቶች አሉ። አንድ ቀን አያቶችን ጋብዙና ያሳዩ። የሚመጡ አይመስላችሁም ይሆናል፤ ይመጣሉ፣ ቀድመውም ይደርሳሉ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አድርጉ አልልም። የቤት ሥራውን ነገር ለመምህራን ስብሰባ አቅርቡት። ወረቀቱ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ በአንድ ክፍል ይሞከር። ግቢው ለአንድ ተርም ይከፈትና ይታይ፤ ካልሠራ ትዘጉታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ማን ይጠብቃል የሚል ጥያቄ እንደምታነሱ አውቃለሁ። ተረኛ ወላጆችን በዝርዝር መመደብ ይቻላል። የመጀመሪያውን ወር ቅዳሜዎች እኔ እይዛለሁ፤ ስሜን መዝግቡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ